የማሌይ ባህላዊ ሕክምና፦ የቱ መረጃ ምኑን ያረጋግጣል?

ስለ ማሌይ ባህላዊ ሕክምና የሚነገረው ነገር ምንጩ ብዙ ነው፦ ቦሞ የሚባለው የመንደር መድኃኒተኛ፣ የልምድ አዋላጅ፣ ጥንታዊ ጽሑፍ፣ ቤተ ሙከራ፣ የመድኃኒት እሽግ። ሁሉም የሚታመኑበት ጉዳይ አላቸው። ስህተቱ የሚመጣው አንዱ ያረጋገጠውን ለሌላ ጥያቄ መልስ አድርገን ስንወስደው ነው።

ከጥንቱ እንጀምር። «ኪታብ ቲብ» የሚባሉት የሕክምና መጻሕፍት የተጻፉት በማሌይ ቋንቋ፣ ጃዊ በተባለው ከዐረብኛ በተወሰደ ፊደል ነው። የቅጠልና የሥር ቅመማ ከጸሎትና ከክታብ ጋር ተቀላቅሎ ይገኝባቸዋል። አንድ መድኃኒት በእርግጥ የቆየ ልማድ መሆኑን ይመሰክራሉ፤ ማዳኑን ግን አይመሰክሩም። በቅኝ ግዛት ዘመን የተሰበሰቡትም ቢሆኑ ሰብሳቢው ምን ይፈልግ እንደነበር ሳይጠየቅ አይነበቡም። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ስኪት በ1900 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ ያተኮረው በአስማቱ ላይ ነበር፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ጊምሌት በ1915 የጻፈው ደግሞ ስለ መርዝና ስለ ድግምት ፈውስ ነው።

ቀጥሎ የዕፅዋቱ ማንነት ይመጣል። ዝነኛው ቶንግካት አሊ በሳይንሳዊ ስሙ ዩሪኮማ ሎንጊፎሊያ ነው። «ጥቁር ቶንግካት አሊ» የሚባለው ግን ዝምድና የሌለው ሌላ ተክል ነው። ስለዚህ ሳይንሳዊ ስሙን የማይጠቅስ ጽሑፍ ስለየትኛው እንደሚያወራ አይታወቅም። በአይጥ ላይ የታየ ውጤትም ለሰው ዋስትና አይሆንም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2021 የዩሪኮማ ሎንጊፎሊያን ሥር ጭማቂ መርምሮ፣ ዘረመልን ሊጎዳ ይችላል የሚል ስጋት በማንሳት ደኅንነቱ አልተረጋገጠም ብሏል።

ገበያ ላይ ያለው እሽግ የራሱ ፈተና አለው። ማሌዥያ ባህላዊ መድኃኒቶችን መመዝገብ የጀመረችው በ1992 ነው። የተመዘገበው እሽግ «ማል» ብሎ የሚጀምር፣ ስምንት አኃዝ ያለውና ለባህላዊ መድኃኒት በ«ቲ» ፊደል የሚያበቃ ቁጥር ይታተምበታል። ቁጥሩ የሚናገረው ምርቱ እንደ እርሳስና ሜርኩሪ ላሉ ከባድ ብረቶች፣ ለጀርሞችና ለባዕድ ቅልቅል መፈተሹን ነው። ፈዋሽነቱ በሰው ላይ በተደረገ ጥናት ተረጋግጧል ማለት አይደለም። ቅልቅሉ ተራ ስጋት አይደለም፤ «ተፈጥሯዊ» ተብለው በተሸጡ ምርቶች ውስጥ ስቴሮይድና የቪያግራ ንጥረ ነገር የሆነው ሲልደናፊል በተደጋጋሚ ተገኝተዋል። ማስታወቂያውም ራሱ ያጋልጣል፦ የ1956ቱ የአገሪቱ ሕግ ስኳር በሽታን፣ ካንሰርን ወይም ስንፈተ ወሲብን አድናለሁ ብሎ ለሕዝብ ማስተዋወቅን ይከለክላል።

ባለሙያዎቹን በተመለከተ በ2016 የወጣው የባህላዊና ደጋፊ ሕክምና አዋጅ ምዝገባን ይጠይቃል። አንዳንድ የመንግሥት ሆስፒታሎችም ስትሮክ ለመታቸውና ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የማሌይ እሽት ይሰጣሉ። ምዝገባውም ሆነ የሆስፒታሉ አገልግሎት የሚመሰክረው ለባለሙያው ሥልጠና ነው፤ ከአፉ ለሚወጣው ቃል ሁሉ አይደለም።

እንግዲህ አንባቢ መጠየቅ ያለበት ምንጩ ታማኝ ነው ወይ ብቻ ሳይሆን ለየትኛው ጥያቄ ነው የሚታመነው ብሎ ነው። የሚሰጠው ተስፋ በተለቀ ቁጥር በሰው ላይ የተደረገ ጥናት መጠየቅ ይገባል። ከሐኪም የታዘዘ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ባህላዊ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ይንገር።