በአራት ዶላር የተገዛው ሰነድ

እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ፔንስልቬንያ ግዛት፣ አዳምስታውን በተባለች ከተማ፣ አንድ ገዢ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ሥዕል በ4 ዶላር ገዛ። የወደደው ሥዕሉን ሳይሆን ክፈፉን ነበር። ክፈፉ ሲፈታ ግን ከሥዕሉ ጀርባ የታጠፈ የታተመ ወረቀት ተገኘ። ባለሙያዎች ሲመረምሩት የአሜሪካ የነጻነት መግለጫ የመጀመሪያ ኅትመት መሆኑ ተረጋገጠ። ይህን ኅትመት ጆን ዳንላፕ የተባለ አታሚ በጁላይ 4 ቀን 1776 ሌሊት በፊላዴልፊያ ያተመው ሲሆን፣ ከ200 ያህል ቅጂዎች እስከ ዛሬ መኖራቸው የታወቀው 26 ብቻ ናቸው። ሰነዱም በ1991 በሐራጅ ከ2.4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ።

ይህን ታሪክ የምናነሣው ስለ ገንዘቡ አይደለም። ሻጩ በእጁ ያለውን ሳያውቅ እንደ ሸጠው ሁሉ፣ በየአጥቢያችን ዕቃ ቤት ያሉ የብራና መጻሕፍትም በመልካቸው ብቻ ተገምተው ከእጃችን ሊወጡ ይችላሉ። በኅዳጋቸውና በባዶ ቅጠሎቻቸው የርስት ስጦታ፣ የለጋሾች ስምና የነገሥታት ዘመን ተጽፎ የሚገኝባቸው ብዙዎች ናቸው። መጽሐፉ ከሄደ ይህ የአጥቢያው ምስክርነት አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያትና ካህናት አባቶቻችን ሦስት ነገሮችን እንዲፈጽሙ በአክብሮት እናሳስባለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ መጽሐፍ ከነፎቶግራፉ በንብረት መዝገብ ይስፈር። ሁለተኛ፣ የተበጠሰ ቅጠል እንኳ ቢሆን አይጣል፤ ድጉሱም አይፈታ። ሦስተኛ፣ ያረጀ መጽሐፍ ሲገኝ ለሀገረ ስብከቱና ለቅርስ ባለሙያ ይመልከት እንጂ ዋጋ አይተመንለት።