ኩኪስ ከላይና ከታች እሳት

ኢሉባቦር ውስጥ ኖፓ ላይ፣ አዳዳ ብዬ የምጠራት የአባቴ እህት ማድቤት ውስጥ ኦቨን አለ። እንግዳ ሆኖ የገባ ሰው ግን አያየውም፤ የሚያየው ጥቀርሻ የለበሰ ወፍራም ድስት ነው። ድስቱ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል የደረቀ የወንዝ አሸዋ ተነጥፏል። አሸዋው ላይ ሦስት ጠጠር፣ ጠጠሩ ላይ ትንሽ የብረት ትሪ። ክዳኑ ዝርግ ብረት ስለሆነ ፍም ይሸከማል። ድፎ ዳቦ ጋግሮ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። መከራ የበዛበት ሰው “እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ነደደብኝ” የሚለው ይህንኑ አይቶ ነው። አዳዳ ኩኪሷንም የምትጋግረው እንዲሁ ነው።

ኩኪስ ስል በኬክ ቤት መስታወት ጀርባ ተደርድሮ በኪሎ የሚሸጠውን ማለቴ አይደለም። ያኛው አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ ሊጥ እየተጨመቀ የሚሠራ ነው። የእኛው ሊጡ ተዳምጦ፣ በቅርጽ ማውጫ ተቆርጦ፣ ከተጋገረ በኋላ በስኳር ቀለም የሚያጌጠው ነው። ስሙ ራሱ ያስቀኛል። ደቾች “ትንሽ ኬክ” ለማለት ያወጡትን ቃል እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ወሰዱት፤ እኛ ደግሞ የእንግሊዝኛውን ብዙ ቁጥር እንደ ነጠላ ይዘን “አንድ ኩኪስ” እንላለን፤ ሲበዛ “ኩኪሶች”። ሁለት ጊዜ በዛ ማለት ነው። አዳዳ በዚህ ሁሉ አትጨነቅም። መጀመሪያ የቀመሰች ቀን “ይሄማ ስኳር የገባበት ዳቦ ቆሎ ነው” ብላ ደመደመች። አልተሳሳተችም። ዳቦ ቆሎም ሊጡ ተድቦልቡሎና ተቆርጦ በደረቅ እሳት የሚበስል ነው፤ ልዩነቱ ቅቤውና ስኳሩ ላይ ነው።

የብስኩት ነገር ሲነሳ፣ በጀርመን አገር ኑርንበርግ የምትባል ከተማ አለች። የማርና የቅመም ብስኩት ጋጋሪዎቿ በ1643 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን የሙያ ማኅበር ያቋቋሙባት ናት። ከተማዋን ለዚህ ያበቃት ሁለት ነገር ነው፤ በዙሪያዋ ያለው ደን ማር ይሰጥ ነበር፣ የንግድ መንገዷ ደግሞ ከሩቅ አገር ቅመም ያመጣ ነበር። ይህን ሳነብ ኢሉባቦር ትዝ አለችኝ። ማሩ አለ፤ ቀፎው ከዛፍ ላይ ተሰቅሎ ከመንገድ ይታያል። ደኑም አለ፤ ዩኔስኮ የያዮን የቡና ደን በ2010 እ.ኤ.አ. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። ቅመሙን ለማምጣት ግን ሲራራ ነጋዴ አያስፈልግም። ኮረሪማ እዚያው ከቡናው ጋር በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። እዚህ በመኪና ተጭኖ የሚመጣው የፉርኖ ዱቄቱ ነው፤ ስንዴ የአርሲና የባሌ ነው እንጂ የእኛ አይደለም። ለስኳሩ እንኳ የአርጆ ዴዴሳ ፋብሪካ በዴዴሳ ሸለቆ አለ።

የሊጡን ልክ ጀርመኖች በቀላሉ “አንድ ሁለት ሦስት” ይሉታል፤ በክብደት አንድ እጅ ስኳር፣ ሁለት እጅ ቅቤ፣ ሦስት እጅ ዱቄት። 100 ግራም ስኳር ከሆነ 200 ግራም ቅቤና 300 ግራም ዱቄት ማለት ነው፤ አንድ እንቁላልና ቁንጥር ጨው ይታከልበታል። በብርጭቆ የሚሰፍር ሰው ግን ይጠንቀቅ። ስኳር ከዱቄት ይከብዳል፤ ለአንድ ብርጭቆ ስኳር የሚያስፈልገው ዱቄት ሦስት ሳይሆን ወደ አምስት ብርጭቆ ይጠጋል።

ቤኪንግ ፓውደር አልጠራሁም፤ ረስቼው አይደለም። ቤኪንግ ፓውደር ሊጡን በጋዝ ይነፋል። የተነፋ ሊጥ ደግሞ ጠርዙ ይጠፋል፤ ኮከብ ብለው የቆረጡት ድንች ሆኖ ይወጣል። ከፍ ባለ ቦታ ይብሳል፤ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ጋዙ የበለጠ ይለጠጣል። ከኢሉባቦር ከተሞች መቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ናት፤ ጎሬ ከ2,000 ትበልጣለች። በቆላ ሰው ልክ የተጻፈ ቤኪንግ ፓውደር ጎሬ ላይ ይበዛል። ለቅርጽ ኩኪስ ጭራሽ ባይገባ ይሻላል።

ሥራው ሁሉ ያለው ቅቤው ላይ ነው። አዲስ አበባ የገበታ ቅቤ ከሱፐርማርኬት ይገዛል። ኖፓ ላይ ያለው በቅጠል ተጠቅልሎ ገበያ የሚወጣው ለጋ ቅቤ ነው። ለጋ ቅቤ ውስጥ ውሃና አሬራ አለ። ውሃው ከዱቄት ጋር ሲገናኝ ሊጡ እንደ ዳቦ ሊጥ እየተለጠጠ ይጠነክራል፤ እሳት ላይ ሲገባም እንፋሎት ሆኖ ቅርጹን ይገፋል። ስለዚህ አዳዳ ቅቤውን በቀዝቃዛ ውሃ ሦስት አራት ጊዜ ታጥበዋለች፤ ውሃው መንጣቱን እስኪተው። ከዚያ ኮሰረትም አብሽም ሳታስገባ ባዶውን ታነጥረዋለች። በዚህ ጊዜ ውሃው ስለሚወጣ 200 ግራም የተባለው ቅቤ ወደ 160 ይወርዳል፤ ሊጡ አልያዝ ካለም አንድ ሁለት ማንኪያ ወተት ይበቃዋል።

እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ይህን ሳላውቅ፣ አዲስ አበባ በተከራየሁት ክፍል፣ እናቴ የላከችልኝን ንጥር ቅቤ ተጠቅሜ ነበር። ቅርጹ አምሮ ወጣ። ሽታው ግን ዶሮ ወጥ ነው። በሻይ ሊበሉ የመጡ ጓደኞቼ አንዱን ቀምሰው እንጀራ ጠየቁኝ።

የተነጠረው ቅቤ ቀዝቅዞ ይረጋል። በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ፣ ግን የማይፈስ ሲሆን ከስኳሩ ጋር በእንጨት ማንኪያ ይመታል፤ ቀለሙ ነጣ እስኪል ድረስ። ከዚያ እንቁላሉ፣ በመጨረሻ ዱቄቱ። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ብዙ ማሸት አያስፈልግም፤ እንደ ዳቦ የታሸ ኩኪስ ጥርስ ይፈትናል። ሊጡ አንድ ላይ ከያዘ ይበቃዋል።

ቀጥሎ ማቀዝቀዝ ነው። ሰዎች የሚዘሉት ይህንን ነው፤ የሚከሽፈውም በዚሁ ነው። ቅቤው የረጋ ሊጥ እሳት ላይ ሲገባ ጠርዙ ሳይቀልጥ ዱቄቱ ይበስልና ቅርጹን ይይዘዋል። የሞቀ ሊጥ ግን ገና ሳይበስል ይዘረጋል። ፍሪጅ ያለው ሰው አንድ ሰዓት ፍሪጅ ያስገባዋል። አዳዳ ፍሪጅ የላትም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ ታቦካዋለች፤ ሸክላ ዕቃ ውስጥ ከድና ደጅ ታስቀምጠዋለች፤ ፀሐይ ሳይጠነክር ትዳምጠዋለች። መዳመጫዋ የታጠበ ጠርሙስ ነው። ውፍረቱ እኩል እንዲሆን በግራና በቀኝ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ታስቀምጣለች፤ ጠርሙሱ በእነሱ ላይ ይንከባለላል፤ ከዚያ በታች መውረድ አይችልም። ይህን ብልሃት ብዙ ባለ ኦቨን አያውቀውም።

ቅርጽ ማውጫውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ከቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ። ቆርቆሮው ሁለት ጣት ስፋት ባለው ጥብጣብ ይቆረጣል፤ እጅ እንዳይቆርጥ አንዱ ጠርዝ ይታጠፋል፤ ከዚያ በፒንሳ እየተጠማዘዘ የተፈለገውን መልክ ይይዛል። ክብ ለሚፈልግ የስኒ አፍ ይበቃል። እኔ ግን ጀበና አማረኝ። የኢሉባቦር ኩኪስ ጀበና ካልሆነ ምን ሊሆን ነው ብዬ! መቁረጡ አላስቸገረም፤ ቆርቆሮውን ዱቄት እያስነኩ መጫን ነው። ችግሩ እሳቱ ላይ መጣ። የጀበናው ሆድ ገና ነጭ ሆኖ ሳለ ጡቱና እጀታው ጠቆሩ። ቀጭን ነገር ቶሎ ይበስላል፤ ሰፊው ሲደርስ ቀጭኑ ከሰል ነው። ሁለተኛው ጀበናዬ አጭርና ወፍራም ጡት ነበረው፤ እንስራ ይመስላል ብለው ልጆች ሳቁብኝ። አሁን የምሠራው የቡና ፍሬ ነው። ሞላላ ተቆርጦ መሐሉ ላይ በቢላ ጀርባ መስመር ይሰመርበታል። ቀላል ነው፤ እኩል ይበስላል፤ ሲያዩትም ቡና መሆኑ ይታወቃል። ለጀማሪ ከጀበና ይልቅ ይህን እመክራለሁ።

ኦቨን ያለው ሰው 175 ወይም 180 ዲግሪ ላይ ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ይጋግራል። ድስቱ ቁጥር የለውም። አሸዋው ግማሽ ሰዓት ያህል ከጋለ በኋላ አዳዳ ትሪው ላይ ቁንጥር ዱቄት ትበትናለች፤ ወዲያው ከጠቆረ እሳቱ በዝቷል፣ ቀስ እያለ ከወየበ ልክ ነው። ከታች ያለው ከሰል ያነሰ፣ ከላይ ያለው ፍም የበዛ ይሁን። ጠርዙ የገለባ ቀለም ሲያወጣ ይወጣል፤ መሐሉ ገና ለስላሳ ቢመስልም አይመለስም። ሲቀዘቅዝ ራሱ ይደርቃል።

ስለ ሽታው አንድ ነገር ልበል። የኩኪስ አሠራር የሚጽፉ ሁሉ ቫኒላ ይላሉ፤ እኛም ከሱቅ ትንሿን ጠርሙስ እንገዛለን። አብዛኛው ሱቅ ያለ ቫኒላ ከፋብሪካ የወጣ ሽታ ነው። ስዊድኖችና ፊንላንዶች ከቡና ጋር የሚበሉት ዳቦ ውስጥ ሄል ይከታሉ፤ ከሞቃት አገር አስመጥተው። ሄልና ኮረሪማ ሁለቱም ከዝንጅብል ወገን ናቸው። ታዲያ ኮረሪማ በደጁ የሚበቅልለት የኢሉባቦር ሰው ቫኒላ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ መዞሩ ምን ይባላል? አዳዳ ደረቁን ፍሬ በጥርሷ ሰንጥቃ የሚያብረቀርቁትን ጥቃቅን ዘሮች ታወጣለች፤ ልጣጩን ትጥላለች። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ ለ300 ግራም ዱቄት ይበቃል። ከበዛ መድኃኒት መድኃኒት ይላል።

ማስጌጡ ትዕግሥት ነው። የአንድ እንቁላል ነጩ፣ ከ150 እስከ 200 ግራም የላመ ስኳር፣ ጥቂት የሎሚ ጠብታ፤ አረፋው ነጭ ሆኖ እስኪቆም ይመታል። ጥሬ እንቁላል ለትንሽ ልጅ መስጠት የሚፈራ በእንቁላሉ ፈንታ በወተትና በሎሚ ያቅጥነው። ስኳሩን ለማላም ሙቀጫ አነሳሁ። “ኧረ እሱ የነጭ ሽንኩርቱ ነው፤ የቡናውን አምጣ!” አለችኝ አዳዳ። በቡናው ሙቀጫ የተወቀጠው ስኳር ቡና ቡና ሸተተ፤ ይህ ጥፋት ሳይሆን ጸጋ ነው። በወንፊት ሁለቴ ተነፋ። ከክሬሙ ጥቂቱ ወፈር ብሎ ለጠርዙ ይቀራል፤ ሌላው በውሃ ጠብታ ይቀጥናል፤ ከማንኪያ ሲንጠባጠብ የሚሠራው መስመር አሥር እስኪቆጠር ከጠፋ ቅጥነቱ ልክ ነው። ጫፉ በተቆረጠ ንጹሕ ላስቲክ መጀመሪያ ጠርዙ ይሰመራል፤ አጥሩ ደረቅ ሲል ቀጭኑ ውስጡ ይፈሳል። ለሮዝ ቀይ ሥር፣ ለቢጫ እርድ፣ ለቡናማ አንድ ማንኪያ ወፍራም ቡና። ከሱቅ ቀለም ይደበዝዛል፤ እኔ ግን ድብዝዙን እወደዋለሁ።

ነገር ግን ክረምት ላይ አይሞከርም። ይህ አካባቢ ዝናብ ከማይለያቸው የአገራችን ቦታዎች አንዱ ነው። ስኳር ደግሞ እርጥበት ይስባል። በነሐሴ ያጌጠ ኩኪስ ሌሊቱን ሙሉ አይደርቅም፤ በማግስቱ እጅ ላይ ይጣበቃል። ደህናው ወቅት በጋው ነው፤ ገናም አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ታኅሣሥ 29፣ በበጋው ነው። ችግሩ ከገና በፊት ያለው ጾም ነው፤ የሚጾም ሰው ቅቤና እንቁላል የገባበትን ጋግሮ ሊቀምስ አይችልም። በዘይት የሚሠራ የጾም ኩኪስ አለ፤ ዘይት ስለማይረጋ ግን ጠርዙ ይዋልላል፤ ክቡን እንጂ ኮከቡን አይሞክሩት፤ ለላዩም የላመ ስኳርና የሎሚ ውሃ ብቻ። የአዳዳ ጎረቤት ሙስሊም ናት፤ ባለፈው ዓመት በጾሙ ወቅት የቅቤውን ሊጥ ቀምሳ ልኩን የነገረችን እሷ ነች።

እንግዲህ ለዘንድሮ ገና ልትጋግሩ ያሰባችሁ፣ ሌላውን ሁሉ በዋዜማው አዘጋጁ፤ ኮረሪማውን ግን ሊጡን በምታቦኩበት ሰዓት ፍጩት። ተፈጭቶ ያደረ ኮረሪማ ሽታው የለም።