ቁርስ በአውሮፓ፣ ምሳ በአፍሪካ
ከታሪፋ እስከ ታንጀር የአንድ ቀን ጉዞ

ከአንዱ አህጉር ወደ ሌላው መሻገር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ረዥም መንገድና የአውሮፕላን ትኬት ነው። ነገር ግን ሰው ቁርሱን በአውሮፓ በልቶ፣ ምሳውን በአፍሪካ አድርጎ፣ ለራቱ ተመልሶ አውሮፓ የሚደርስበት ስፍራ አለ። ይኸውም በእስፓኝና በሞሮኮ መካከል ያለው የጅብራልታር የባሕር ሰርጥ ነው።

እኔና ባለቤቴ ከምንኖርበት ከጀርመን አገር ለዕረፍት ወደ ደቡብ እስፓኝ በወረድን ጊዜ፣ በጁላይ ወር ውስጥ አንዱን ቀን ለዚህ ጉዞ መደብነው። ሐሳቡ የእኔ ነበር። ባለቤቴ ግን ዝም አለች፤ ምክንያቱን ስለማውቅ አላስገደድኳትም። በ2009 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከሊቢያ ጠረፍ ተነሥታ ኢጣልያ የገባችው በጎማ ጀልባ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሕር ላይ ወጥታ አታውቅም። በሦስተኛው ቀን ማታ፣ «ትልቅ መርከብ ከሆነ እንሂድ» አለችኝ።

ታሪፋ በዋናው የአውሮፓ ምድር ደቡባዊ ጫፍ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው በ710 ባሕሩን ተሻግሮ ከወረደው ከታሪፍ ነው ይባላል። በማግሥቱ ዓመት የተከተለው ጣሪቅ ደግሞ ስሙን ለጅብራልታር ትቷል፤ «ጀበል ጣሪቅ» ማለት የጣሪቅ ተራራ ማለት ነውና። ከከተማው ወደ ትንሿ ደሴት በሚወስደው መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው በቀኙ አትላንቲክን፣ በግራው ሜዲትራኒያንን ያያል።

ሰርጡ በጠበበበት በኩል ስፋቱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በየብስ ቢሆን ኖሮ አንድ ብርቱ እግረኛ በሦስት ሰዓት ይጨርሰው ነበር። ይሁን እንጂ ጥበቱ የዋህ አላደረገውም። በላይ በኩል የአትላንቲክ ውሃ ወደ ሜዲትራኒያን ይገባል፤ በታች በኩል ጨው የበዛበት ከባድ ውሃ ወደ ውጭ ይፈሳል። የምሥራቁ ነፋስ ሲበረታም መርከቦቹ ሳይነሡ የሚውሉበት ቀን አለ። በዚሁ ውሃ ላይ በትንንሽ ጀልባ በሌሊት ሊሻገሩ ሲሉ የጠፉት ወጣቶች ብዙ ናቸው።

ከጧቱ በ3 ሰዓት ተነሣን። የሞሮኮ የፓስፖርት ሹም እዚያው መርከቡ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ነበር መንገደኛው ተሰልፎ ማኅተሙን እያስመታ ይሻገራል። ባለቤቴ ከመስኮት ርቃ ከመካከል ተቀመጠች፤ ፓስፖርቷ ያለበትንም ቦርሳ ከደረቷ አልለየችም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስንደርስ የታንጀር ሰዓት ገና 3 ሰዓት ይል ነበር፤ በበጋቸው ወራት ሞሮኮ ከእስፓኝ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነውና። «የመንገዱን ጊዜ መለሱልን!» ብላ ሳቀች። ከጧት ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ታንጀር ከ1923ቱ ስምምነት በኋላ ሞሮኮ ነጻ እስከ ወጣችበት እስከ 1956 ድረስ ብዙ መንግሥታት በጋራ የሚያስተዳድሯት ከተማ ነበረች። ትልቁ አደባባይዋ «ግራን ሶኮ» ይባላል፤ ሶኮ ሌላ ሳይሆን ከዓረብኛ የወሰድነው የእኛው «ሱቅ» ነው። በ1304 በዚህች ከተማ የተወለደው ኢብን ባጡታ በ21 ዓመቱ ከቤቱ ወጥቶ ወደ 30 ዓመት ያህል ዓለምን ሲዞር፣ የኢትዮጵያ ንግድ በር የነበረችውን ዘይላን ሳይቀር ጎብኝቶ ጽፎላታል።

ከምሳ በኋላ በ1921 ወደ ተከፈተው ካፌ ሐፋ ሄድን። ካፌው በገደል አፋፍ ላይ እንደ እርከን የተሠራ ሲሆን፣ ሰማዩ ሲጠራ የእስፓኝ ተራራ ፊት ለፊት ይታያል። ናና የተነከረበት ሻይ ያቀረበልን ወጣት በፈረንሳይኛ፣ «ከወዲያ ለመምጣት ስንት ሰዓት ፈጀባችሁ?» ሲል ጠየቀኝ። «አንድ ሰዓት» አልኩት። «ወንድሜ በሌሊት ወደዚያ ከተነሣ አራት ዓመቱ ነው፤ እስካሁን ወሬው አልመጣም» አለኝ።

ለባለቤቴ ተረጎምኩላት። ጥቂት ዝም ብላ፣ «እኔ በሌላው በኩል ስሻገር ሁለት ሌሊትና አንድ ቀን ፈጅቶብኛል በለው» አለችኝ። ነገርኩት። ወጣቱ እጁን ከደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣት፤ የሻዩንም ሒሳብ አልቀበልም አለ።

ይህን መንገድ ለመሄድ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር ከሁሉ አስቀድሞ ወረቀቱን ይመልከት። የአውሮፓ ቪዛው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የተሰጠ ከሆነ ታንጀር ሲሻገር መመለሻውን ያጣል። ባሕሩ ለሁሉም 14 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚያሰፋውና የሚያጠበው ሰው በኪሱ የያዘው ወረቀት ነው።

ማታ ስንመለስ ባለቤቴ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ታሪፋ ስንደርስ ሹሙ ፓስፖርቷን ገልጦ ፊቷን አየና መለሰላት። ከሰልፉ ወጥተን ጥቂት እንደ ተራመድን ቆም ብላ ወደ ኋላ ተመለከተች።

«ይኸው ነው?» አለችኝ።

«ይኸው ነው» አልኳት።