ሠርግን በልክ ስለ መደገስ

በባሕር ዳርና በዳንግላ መካከል በምትገኘው በዱርቤቴ፣ ሠርግ የሚበዛው ከጥር 11 ቀን ከጥምቀት በዓል በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ደጋሹ ሁሉ ቅቤና በግ በአንድ ገበያ ስለሚፈልግ ዋጋው ይወደዳል። ስለዚህ አስተዋይ ደጋሽ ግዢውን አስቀድሞ ይከፋፍለዋል፤ ጤፉንና ዳጉሳውን በመኸር፣ ቅቤውን ደግሞ ፈላጊው በሚቀንስበት፣ ኅዳር 15 ቀን በሚገባው በጾመ ነቢያት ይገዛል። ቅቤ ተነጥሮ በንጹሕ ዕቃ ቢከደን ለወራት ይቆያል። የዕቁቡም ዕጣ ከሠርጉ በፊት እንዲደርሰው ከአባላቱ ጋር ቢስማማ፣ ብድር ሳያሻው እጅ በእጅ ይከፍላል። ባለሱቅም የሙሽራ ልብሱንና ስኳሩን ከጥር በፊት ቢያስገባ ይጠቀማል። ለድግስ ሲል የእርሻ በሬውን የሸጠ ገበሬ ግን በክረምት የሚያርስበት ያጣል፤ በተከታዩ ዓመት ለገበያ የሚያወጣው እህል ስለሚያንስም ጉዳቱ ለነጋዴው ጭምር ይተርፋል።