ተጨማሪ መረጃ፦ ለወራት የቆመ ትንሽ ሞተር ለምን አይነሳም?

ከሚዛን ተፈሪ በስተደቡብ፣ በማጂ ደጋ ለምትገኘው ቱም ዋናዎቹ የመለዋወጫ ገበያዎች ሩቅ ናቸው። ስለዚህ የሞተር ሳይክልም ሆነ የጄኔሬተር ባለቤት ያለውን ዕቃ አጥቦ መልሶ መግጠም ቢችል ብዙ ወጪና መንገድ ይቀርለታል።

ለወራት የቆመ ሞተር አልነሳ ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካርቡራቶር ነው። ቤንዚን ተንኖ ሲያልቅ የሚያጣብቅ ቡናማ ዝቃጭ ይተዋል፤ ዝቃጩም ስፋቱ ከ1 ሚሊ ሜትር የማይሞላውን የነዳጅ ቀዳዳ ይደፍነዋል። ቀዳዳውን በብረት ሽቦ መጎርጎር ትልቅ ጥፋት ነው፤ ጥቂት ቢሰፋ እንኳ የነዳጁና የአየሩ መጠን ይዛባል። በካርቡራቶር ማጽጃ አርሶ በአየር ግፊት መንፋት ይበቃል፤ ዓይንን ሸፍኖ፣ ከእሳት ርቆ፣ ደጅ ላይ።

ከዚያ የካርቡራቶሩ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያው ማሸጊያ) ይታያል። በአሉሚኒየሙ ላይ የተጣበቀው አሮጌ ጓርኒሲዮን በፕላስቲክ ወይም በእንጨት መፋቂያ ይነሳ። ቢላዋ ፊቱን ይጭረዋል፤ በጭረቱ አየር ከገባ የነዳጁ ድርሻ ያንሳል፣ ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል። ተራ ሲሊኮን እዚህ ቦታ አይቀባም፤ ቤንዚን ያላላዋል፣ ቁራጩም ተመልሶ ቀዳዳውን ይዘጋል። ብሎኖቹን በሰያፍ እያፈራረቁ ቀስ በቀስ ማጥበቅ የካርቡራቶሩ ክዳን እንዳይጣመም ያደርጋል።

ሞተሩን ለረጅም ጊዜ ከማቆም በፊት የነዳጅ መዝጊያውን ዘግቶ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ማሠራት ይገባል።