ባሕር ከተማ የገባበት ቀን

ደገኛ ሰው ጎርፍ ሲባል የሚታየው ከተራራ የሚወርድ ውሃ ነው። ክረምት ሲበረታ ወንዝ ይሞላል፥ ድልድይ ይሰብራል፥ ከብት ይወስዳል፤ ዝናቡ ሲያባራ ግን ወደ መንገዱ ይመለሳል። ስለዚህ ውሃ ከባሕር ተነሥቶ ከተማ ገባና ሳምንታት ሙሉ ተኛበት ቢሉን ለማመን ያዳግተናል። ለዛሬው እሑድ ለአንባቢዎቻችን ልናወሳ ያሰብነው ግን ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ነሐሴ 23 ቀን 1997 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 29 ቀን 2005) በአሜሪካ አገር በኒው ኦርሊንስ ከተማ የደረሰው ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ነፋሱ ጥቂት እንበል። አሜሪካኖች ሃሪኬን፥ የሩቅ ምሥራቅ ሰዎች ታይፉን፥ በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ያሉት ሳይክሎን የሚሉት ሁሉ አንድ ነገር ነው። የውቅያኖስ ውሃ እስከ 26 ወይም 27 ዲግሪ ሲሞቅ እንፋሎቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ቀዝቅዞ ዝናብ ሲሆን የያዘውን ሙቀት ይለቅቃል፤ ሙቀቱም አየሩን ይበልጥ ወደ ላይ ያነሣዋል። የምድር መዞር ሲጨመርበት ነፋሱ እንደ እንዝርት መሽከርከር ይጀምራል። ሰው የሚፈራው ነፋሱን ነው፤ ዳሩ ግን ብዙውን ጊዜ ይበልጥ የሚገድለው ነፋሱ ከፊቱ እየገፋ ወደ የብስ የሚያመጣው ውሃ ነው። ካትሪና የተባለው ይህ ዐውሎ ነፋስ በሚሲሲፒ ጠረፍ ላይ ያስነሣው ባሕር ከ8 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነበር።

ኒው ኦርሊንስን በ1718 የቆረቆሩት ፈረንሳዮች ናቸው። እነርሱ ቤታቸውን የሠሩት በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ከፍ ባለው መሬት ላይ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ግን መሐንዲሶች በታላላቅ ፓምፖች ከኋላ ያለውን ረግረግ አደረቁት፤ ሕዝቡም ወደዚያ ወርዶ ሠፈረ። ረግረግ መሬት ውሃው ሲወጣለት እየጠበቀ ይሰምጣል። እንዲህ እያለ የከተማው ግማሽ ያህል ከባሕር ወለል በታች ሆነ፤ ዙሪያውን በግድብ የታጠረ ገበቴ መሰለ። በከተማውና በባሕሩ መካከል የማዕበሉን ኃይል ያበርድ የነበረው ሣርና ረግረግም እየጠፋ ሄደ፤ የሉዊዚያና ጠቅላይ ግዛት ከ1930ዎቹ ወዲህ ወደ 5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መሬት በውሃ ተወስዶበታል። አንዱ ምክንያት ግድቡ ራሱ ነው፤ ወንዙ ደለሉን በዳርቻው እንዳያፈስ ከልክሎታልና።

ዐውሎ ነፋሱ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፥ እሑድ ዕለት፥ የከተማው ከንቲባ ሕዝቡ ሁሉ እንዲወጣ አዘዘ። መኪና ያለው ወጣ። ነገር ግን በከተማው ውስጥ መኪና የሌላቸው ሰዎች ከ100,000 ይበልጡ ነበር። ትእዛዙ ለሁሉም እኩል ተነገረ፤ መሄጃው ግን ለሁሉም እኩል አልነበረም። ድሀው፥ ሽማግሌውና በሽተኛው ቀረ።

ሰኞ ማለዳ ነፋሱ መጣ። ዋናው ኃይሉ ከከተማው በስተ ምሥራቅ ስላለፈ ብዙ ሰው ክፉው አለፈልን ብሎ ነበር። ነገር ግን የቦዮቹ ግድግዳዎች በልዩ ልዩ ስፍራ ተሰበሩ፤ ከከተማውም 80 ከመቶ ያህሉ በውሃ ተዋጠ። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከግድግዳዎቹ አንዳንዶቹ የወደቁት ውሃው አናታቸው ላይ ሳይደርስ ነው። የሠሯቸው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲሶችም በ1ኛው ዓመት፥ በ2006፥ የአሠራሩ ጉድለት የእነርሱ መሆኑን አምነዋል። ፈረንሳዮች የመረጡት የጥንቱ ሠፈር ግን በአብዛኛው ደረቅ ሆኖ ቆየ።

ሄሊኮፕተሮቹ የደረሱት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። አይሮፕላን ለመውረድ ሜዳ ይፈልጋል፤ ሄሊኮፕተር ግን ባለበት አየር ላይ ይቆማል። አንድ ሰው በብረት ገመድ ይወርዳል፤ የተገኘውን ሰው በቅርጫት ያስቀምጣል፤ ከላይ ያሉትም በሞተር ይስቡታል። ሲነገር ቀላል ነው። ሥራው ግን በኤሌክትሪክ ሽቦዎች መካከል፥ ሌሊት መብራት በሌለበት ከተማ ላይ፥ ክንፉ የሚያነሣው ነፋስ ጣራውን እየገነጣጠለ የሚፈጸም ነው። ብዙ ሰዎች ውሃውን ሲሸሹ ከጣራው ሥር ገብተው መውጫ አጥተው ነበርና አዳኞቹ ጣራውን በመጥረቢያ እየፈለጡ አወጧቸው። የባሕር ጠረፍ ጠባቂው ኃይል ብቻ በሄሊኮፕተርና በጀልባ ከ33,000 የሚበልጡ ሰዎችን ከአደጋው አውጥቷል። ይህ ሁሉ ሆኖ፥ በ2023 እንደገና በተጣራው ቁጥር መሠረት 1,392 ሰዎች ሞተዋል። በሉዊዚያና ከሞቱት ግማሽ ያህሉ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ነበሩ።

የአዳኞቹን ጀግንነት እናደንቃለን። ነገር ግን ቅርጫቱ የሚወርደው ሌላው ሁሉ ካልሆነ በኋላ መሆኑን መርሳት አይገባም። በ2004 በሐምሌ ወር፥ ማለት ካትሪና ከመድረሷ ከአንድ ዓመት በፊት፥ የመንግሥት ባለሥልጣኖች ተሰብስበው «ፓም» የሚል ስም በሰጡት በሐሳብ በተፈጠረ ዐውሎ ነፋስ ልምምድ አድርገው ነበር። ውሃው ግድቡን አልፎ ከተማውን እንደሚሞላ፥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ መሰደድ እንዳለበት፥ ብዙ ሰውም ተይዞ እንደሚቀር በወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር። የቀረው ሥራ ሳይፈጸም ካትሪና ደረሰች። እንግዲህ የጎደለው ዕውቀት አልነበረም፤ ዕውቀቱን ከመዝገብ አውጥቶ አውቶቡስና ግድብ ማድረግ ነው እንጂ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት እዚያም ሠርቷል።

ይህ የሀብታም አገር ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን ወደ አፍሪካ እንመለስ። በ2019 በመጋቢት ወር አይዳይ የተባለው ሳይክሎን የሞዛምቢክን ወደብ ቤይራን መታ። ቤይራም በዝቅተኛ መሬት ላይ የተሠራች ናት። በዙሪያዋ ያለው አገር ሐይቅ ሆነ፤ ሄሊኮፕተሮች ሰዎችን ከጣራና ከዛፍ ላይ አነሡ። በሞዛምቢክ ብቻ ከ600 በላይ ሰው ሞተ። ሄሊኮፕተር ውድ ነው፥ የሚይዘውም ጥቂት ሰው ነው፤ ድሀ አገር በብዛት ሊገዛው አይችልም። ስለዚህ ለድሀ አገር አስቀድሞ ማሰብ ከሀብታሙ ይልቅ የግድ ነው።

ኒው ኦርሊንስ ከመከራው ተምራለች። ወደ 14.5 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ወጪ አዲስ ግድብ፥ የማዕበል መዝጊያ በርና ፓምፕ ተሠራላት። በ2021 በዚያው በኦገስት 29 ቀን አይዳ የተባለ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ሲመጣ የከተማው ኤሌክትሪክ ተቋረጠ፤ ግድቡ ግን ጸና። የዚያን ዕለት የግድቡ መጽናት እንደ ሄሊኮፕተሩ ቅርጫት ፎቶግራፍ የሚነሣ ነገር አልነበረም።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ነገ መሐንዲሶች፥ የጽሕፈት ቤት ሹሞች፥ የከተማ አስተዳዳሪዎች ይሆናሉ፤ አንዳንዶቹም ሆነዋል። ከእጃቸው የሚገባው መዝገብ አቧራ የለበሰ ሊሆን ይችላል። እኛ የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ መደርደሪያው ከመመለሳቸው በፊት መኪና የሌለው ሰው በዚህ ወረቀት ላይ የት እንዳለ ይፈልጉት።