የቡና ቁራጭ በሣጥን ውስጥ

አድማጮቻችን፣ ጽሑፉ በእጃችሁ ያለ ደግሞ በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ።

በሐይቅና በአምባሰል የጓሮ ቡና ያላችሁ፣ የዛሬው ንግግር ለእናንተ ነው። ፍሬዋን የምትወዷት ቡና አረጀችባችሁ እንበል። ቅርንጫፏን ቆርጣችሁ መሬት ላይ ብትተክሉት ይጠወልጋል። ለምን? ቅጠል ውሃውን ወደ አየር ያወጣል። የወጣውን የሚተካለት ሥር ነው። ቁራጩ ደግሞ ሥር የለውም። ስለዚህ ሥር እስኪያወጣ ድረስ ዙሪያው ያለው አየር እርጥብ ይሁንለት። የሣጥኑ ሥራ ይኸው ነው። በጅማ የግብርና ምርምር ማዕከልም ድቅል ቡናን በቁራጭ ያባዛሉ።

ሣጥኑ እንዲህ ይሠራል። ከፍታው አንድ ክንድ የሚሆን የእንጨት ሣጥን ፈልጉ። ታቹን ብሱት። አራት ጣት ጠጠር፣ በላዩም አንድ ስንዝር የታጠበ አሸዋ አድርጉበት። አሸዋውን አርጥቡት። ላዩን ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ሸፍኑ። ነፋስ እንዳይገልጠው ዳርና ዳሩን በድንጋይ ተጫኑት። ቦታው ጥላ ይሁን። ፀሐይ ካገኘው ውስጡ እንደ ምጣድ ይግላል።

አሁን ወደ ቁራጩ እንሂድ። ለቀማው ሲያልቅ ያረጀችውን ቡና ከመሬት ሁለት ስንዝር ትታችሁ ጎንድሏት። ቀጥ ብለው የሚወጡ ለጋ ቅርንጫፎች ታበቅላለች። ሁለት ሦስቱን ለእሷ ተዉላት፤ ከቀሩት ቁረጡ። የጎን ቅርንጫፍ ግን አትቁረጡ! ችግኙ ወደ ጎን ይንሰራፋል እንጂ ቀጥ ብሎ አያድግም። ከታመመ ቡናም አትቁረጡ፤ በሽታው አብሮ ይሄዳል።

እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ቅጠል ይኑረው። ቅጠሎቹን እኩሌታቸውን ቁረጡ፤ ውሃ የሚያጡት ይቀንሳል። ግንዱን እስከ ቅጠሎቹ ሥር ድረስ አሸዋው ውስጥ ትከሉት። ጧትና ማታ እያያችሁ ውሃ እርጩ፤ ነገር ግን አታጥለቅልቁት፤ ይበሰብሳል።

ሥር ለማውጣት ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈጃል። አዲስ ቅጠል ስላያችሁ ብቻ አትቸኩሉ፤ ቁራጩ በያዘው ስንቅም ቅጠል ያወጣል። ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉት። እምቢ ካለ ሥር ይዟል። ያኔ ላስቲኩን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየገለጣችሁ ሁለት ሳምንት አለማምዱት። ከዚያም አፈር በተሞላ የችግኝ ላስቲክ ውስጥ አዛውሩት። ሲጠና፣ ክረምት ሲገባ፣ ጓሮ ይተከላል።

እስቲ እነዚህን ቃላት ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ በደብተራችሁም ጻፏቸው። ቅጠል። ሥር። አሸዋ። ጥላ። ደህና ሁኑ!